ባዕድ ፊደል በሕዋስ መዝገብ ላይ፦ ቫይረሶች ካንሰርን እንዴት ያስከትላሉ?

ካንሰር ተላላፊ በሽታ አይደለም። ከታማሚው ጋር በአንድ ገበታ መቁረስ፣ አልጋውን ማንጠፍ፣ ቁስሉን ማጠብ ሕመሙን ወደ አስታማሚው አያሻግርም። ይሁን እንጂ ለካንሰር መነሻ ከሚሆኑት ምክንያቶች መካከል ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፉ ቫይረሶች ይገኙበታል። እነዚህ ሁለት እውነቶች የሚጋጩ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አይጋጩም። የሚተላለፈው ቫይረሱ ነው። ካንሰሩ ቫይረሱ በአንድ ሰው ሕዋስ ውስጥ ለዓመታት ከሰነበተ በኋላ በዚያው ሕዋስ ውስጥ የሚወለድ ለውጥ ነው።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ባወጣው ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም ላይ ከተመዘገቡት አዳዲስ የካንሰር ሕመሞች 2 ነጥብ 2 ሚሊዮን ያህሉ፣ ማለትም 13 በመቶ የሚሆኑት፣ መነሻቸው ከተሕዋስያን ጋር የተያያዘ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 690 ሺህ ያህሉ ሂዩማን ፓፒሎማ በተባለው ቫይረስ፣ 360 ሺህ ያህሉ በሄፓታይተስ ቢ፣ 160 ሺህ ያህሉ ደግሞ በሄፓታይተስ ሲ ምክንያት የመጡ ናቸው። በኢትዮጵያም የማኅፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃ ካንሰር ነው።

ለመሆኑ በዓይን የማይታይ፣ በራሱ ምግብ መመገብም ሆነ መራባት የማይችል አንድ ቫይረስ የሰውን ሕዋስ ወደ ካንሰር የሚለውጠው በምን መንገድ ነው? መልሱ ያለው በሕዋሱ የዘር መዝገብ ውስጥ ነው።

መዝገቡና ጠባቂዎቹ

በእያንዳንዱ ሕዋሳችን አስኳል ውስጥ ሦስት ቢሊዮን ያህል "ፊደላት" ያሉት የዘር መዝገብ አለ። ሳይንቲስቶች ጂኖም ይሉታል። መዝገቡ በ23 ጥንድ ክሮሞዞሞች ተከፋፍሎ የተቀመጠ ሲሆን፣ ፕሮቲን ለመሥራት መመሪያ የሚሰጡ 20 ሺህ ያህል ዘረ-መሎችን ይዟል። ሕዋስ መቼ እንደሚከፈል፣ መቼ እንደሚያርፍ፣ መቼ እንደሚሞት የሚወሰነው በዚህ መዝገብ ነው።

ከእነዚህ ዘረ-መሎች አንዳንዶቹ ሕዋሱ እንዲከፈል የሚገፉ፣ ሌሎቹ ደግሞ የሚገቱ ናቸው። ከሚገቱት መካከል ሁለቱ በተለይ ይታወቃሉ። አንደኛው ፒ53 የተባለው ፕሮቲን ነው፤ የዘር መዝገቡ ጉዳት ሲደርስበት የሕዋሱን ክፍፍል ያስቆማል፣ ጉዳቱ የማይጠገን ከሆነም ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያዝዛል። ሁለተኛው አር.ቢ ይባላል፤ ሕዋሱ ያለ በቂ ምክንያት መከፈል እንዳይጀምር በሩን ዘግቶ ይጠብቃል። ካንሰር ማለት የሚገፉት ያለ ልክ ሲገፉ፣ የሚገቱት ደግሞ መግታት ሲሳናቸው የሚከተለው ውጤት ነው።

በአብዛኛው ይህ የሚሆነው በዕድሜ፣ በትምባሆ ጢስ፣ በጨረርና በሌሎች ምክንያቶች ፊደላቱ ቀስ በቀስ ሲበላሹ ነው። ካንሰር አምጪ ቫይረሶች ግን ወደዚሁ ውጤት በአቋራጭ ይደርሳሉ።

ከዶሮ ዕጢ የተጀመረው ፍለጋ

ቫይረስ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል የሚለው ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ሰሚ ያጣ ሐሳብ ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም ፔይተን ራውስ እ.ኤ.አ. በ1911 ከአንዲት ዶሮ የወሰደውን ዕጢ ፈጭቶ፣ ሕዋስም ሆነ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጥለያ አጣርቶ፣ ፈሳሹን ለሌሎች ዶሮዎች ሲወጋቸው እነርሱም ዕጢ አበቀሉ። በፈሳሹ ውስጥ የነበረው ቫይረስ ነው። ራውስ ለዚህ ግኝቱ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ከ55 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ነበር።

ከዚያ አሥር ዓመት በኋላ ማይክል ቢሾፕና ሃሮልድ ቫርመስ የተባሉ ተመራማሪዎች አስገራሚ ነገር ይፋ አደረጉ። የራውስ ቫይረስ ዕጢ የሚያበቅልበት ዘረ-መል በመጀመሪያ የቫይረሱ ንብረት አልነበረም። ቫይረሱ በጥንት ጊዜ ከዶሮ ሕዋስ ላይ ዘርፎ የያዘው ነው። በዚህም ለካንሰር የሚዳርጉ መመሪያዎች በጤነኛ ሕዋስ መዝገብ ውስጥ በሰላም የሚኖሩ፣ ነገር ግን ሲዛቡ አደገኛ የሚሆኑ ዘረ-መሎች መሆናቸው ታወቀ።

በሰው ላይ የተደረገው ፍለጋም ፍሬ አፈራ። እ.ኤ.አ. በ1964 ኤፕስታይን-ባር የተባለው ቫይረስ በአፍሪካውያን ሕፃናት ላይ ከሚታይ የሊምፍ ካንሰር ሕዋሳት ውስጥ ተገኘ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን ከባልደረቦቹ ጋር የሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ 16ኛና 18ኛ ዓይነቶችን ከማኅፀን በር ካንሰር ውስጥ ለይቶ አወጣ። ዛሬ እነዚህ ሁለቱ ብቻ በዓለም ላይ ለሚከሠተው የማኅፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህል ተጠያቂ መሆናቸው ይታወቃል።

የቀለበቱ መሰበር

ሂዩማን ፓፒሎማ፣ በምኅፃሩ ኤች.ፒ.ቪ፣ ከ200 በላይ ዓይነቶች አሉት። አብዛኞቹ ኪንታሮት ከማውጣት አያልፉም፤ ካንሰር የሚያስከትሉት ደርዘን ያህሉ ናቸው። የቫይረሱ የዘር መዝገብ ስምንት ሺህ ያህል ፊደላት ብቻ ያሉት ቀለበት ነው። ከሰው ሦስት ቢሊዮን ፊደላት ጋር ሲነጻጸር ከትልቅ መጽሐፍ ቤት ውስጥ እንደ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ነው።

ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ተላልፎ፣ በማኅፀን በር ሽፋን ላይ ባለች ጥቃቅን ጭረት በኩል ወደ ታችኞቹ ሕዋሳት ይገባል። ለመራባት የሕዋሱን የመከፈያ መሣሪያዎች መጠቀም አለበት። ስለዚህ ኢ6 እና ኢ7 የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖችን ያመርታል። ኢ6 ጠባቂውን ፒ53 ለመፈራረስ አሳልፎ ይሰጠዋል፤ ኢ7 ደግሞ አር.ቢን ከዘበኝነቱ ያነሣዋል። ማረፍ የነበረበት ሕዋስ መከፈሉን ይቀጥላል።

ቫይረሱ ግን ለራሱም ልጓም አለው። ኢ2 የተባለው ሌላው ፕሮቲኑ ኢ6 እና ኢ7 ከልክ በላይ እንዳይመረቱ ይቆጣጠራል። ቫይረሱ ቀለበት ሆኖ ከክሮሞዞሞች ጎን ተቀምጦ እስካለ ድረስ ይህ ልጓም ይሠራል። በአብዛኞቹ ሰዎችም ዘንድ የሰውነት መከላከያ ቫይረሱን ያሸንፈዋል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ኢንፌክሽኖች በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ በራሳቸው ይጠፋሉ።

አደጋው የሚጀምረው ኢንፌክሽኑ ሳይጠፋ ለዓመታት ሲቆይ ነው። በዚህ ጊዜ ቀለበቱ ተሰብሮ ከሰው ክሮሞዞም ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ቀለበቱ ሲሰበር ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው ልጓሙ፣ ኢ2 የተጻፈበት ክፍል ነው። ኢ6 እና ኢ7 የተጻፉበት ክፍል ግን ሳይጎዳ ይቀራል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ፕሮቲኖች ያለ ተቆጣጣሪ ይመረታሉ፤ ሕዋሱ በተከፈለ ቁጥርም የቫይረሱ ፊደላት የሕዋሱ የራሱ ፊደላት የሆኑ ያህል ለልጅ ልጅ ሕዋሳት ይወርሳሉ። በካንሰር ሕሙማን ዕጢ ላይ የተደረገ ሰፊ የጂኖም ጥናት እንዳሳየው፣ በ18ኛው ዓይነት ምክንያት የመጡት ዕጢዎች በሙሉ፣ በ16ኛው ምክንያት ከመጡት ደግሞ አራት እጅ ቢባሉ ሦስቱ እጅ ያህሉ ይህ ጥምረት ታይቶባቸዋል።

ለቫይረሱ ይህ ድል አይደለም። ከክሮሞዞም ጋር የተጣበቀና የተቆራረጠ የዘር መዝገብ አዲስ ቫይረስ ማፍራትና ወደ ሌላ ሰው መሻገር አይችልም። ካንሰሩ ለታማሚዋ መቅሠፍት ሲሆን ለቫይረሱም መውጫ የሌለው መንገድ ነው።

ሄንሪታ ላክስና ስምንተኛው ክሮሞዞም

የዚህ ለውጥ ጥሩ ማሳያ ሄንሪታ ላክስ ከተባለች አፍሪካ አሜሪካዊት እናት የተወሰዱት ሕዋሳት ናቸው። ላክስ እ.ኤ.አ. በ1951 በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ለማኅፀን በር ካንሰር ሕክምና በገባችበት ወቅት፣ ፈቃዷ ሳይጠየቅ ከዕጢዋ ናሙና ተወሰደ። እርሷ በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ አረፈች። ሄላ የተባሉት ሕዋሳቷ ግን በዓለም ዙሪያ ባሉ ቤተ ሙከራዎች እስከ ዛሬ እየተራቡ ይገኛሉ። የጂኖም ምርምርም ሕዋሳቱን ለካንሰር የዳረጋቸው ምን እንደሆነ አሳየ።

የኤች.ፒ.ቪ 18ኛ ዓይነት ቁርጥራጮች ከስምንተኛው ክሮሞዞሟ ጋር ተጣብቀው ተገኙ። ቦታው ሕዋስ እንዲከፈል በብርቱ የሚገፋው ሚክ የተባለው ዘረ-መል ካለበት አጠገብ ነው። ቫይረሱ ሚክን አልነካውም፤ ነገር ግን በጎረቤትነት ሆኖ አነቃቅቶታል። እንዲህ ያለው መጣበቅ በሌሎች ዕጢዎችም በአካባቢው ያለውን የክሮሞዞም ክፍል ደጋግሞ እንዲገለበጥ፣ እንዲቆራረጥና ካልተገባው ቦታ እንዲሰፋ ሲያደርገው ይታያል። ጤነኛ ሕዋስ 46 ክሮሞዞሞች ሲኖሩት የሄላ ሕዋሳት ከዚያ እጅግ የሚበልጡ፣ ብዙዎቹም የተሰባበሩና የተቀጣጠሉ ክሮሞዞሞች አሏቸው።

ከዚህም የሚበልጥ አስተማሪ ነገር አለ። ተመራማሪዎች የጠፋውን ልጓም፣ ኢ2ን፣ ወደ ሄላ ሕዋሳት መልሰው ሲያስገቡ ኢ6 እና ኢ7 ዝም አሉ፤ ለአሥርት ዓመታት ያለ ማቋረጥ ሲከፈሉ የኖሩት ሕዋሳትም መከፈላቸውን አቆሙ። የተኙት ጠባቂዎች ፒ53 እና አር.ቢ ነቁ። ይህም ካንሰሩ ዛሬም ድረስ በእነዚያ ሁለት የቫይረስ ፕሮቲኖች ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን አስረዳ።

መከላከያው ሲስት

የቫይረሱ ጉዳት በመጣበቅ ብቻ አያበቃም። ሕዋሶቻችን አፖቤክ የሚባሉ የመከላከያ ኢንዛይሞች አሏቸው። ሥራቸው ሰርጎ የገባውን ቫይረስ ፊደላት በመለወጥ ከጥቅም ውጭ ማድረግ ነው። ነገር ግን ለጠላት የተመዘዘው ጎራዴ ባለቤቱንም ይቆርጣል። በኤች.ፒ.ቪ ምክንያት በመጡ ዕጢዎች ውስጥ ከሚታዩት የፊደል ለውጦች ብዙዎቹ የአፖቤክን አሻራ የያዙ ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል ሕዋስ እንዲያድግ የሚያዝዘውን ፒ.አይ.ኬ.3.ሲ.ኤ የተባለ ዘረ-መል የሚያዛቡ ይገኙበታል።

በሌላ በኩል በእነዚህ ዕጢዎች ውስጥ የፒ53 ዘረ-መል አብዛኛውን ጊዜ ሳይበላሽ ይገኛል። በትምባሆ በሚመጡ ካንሰሮች ግን ይኸው ዘረ-መል በብዛት ተበላሽቶ ይታያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቫይረሱ ፕሮቲኑን ስለሚያጠፋው ዘረ-መሉ መበላሸት አያስፈልገውም። ሐኪሞችና ተመራማሪዎች የዕጢውን ጂኖም በማንበብ ብቻ የበሽታውን መነሻ መገመት የሚችሉት በእንዲህ ያለ ልዩነት ነው።

ጉበትን የሚጎዳው ትንሹ ቫይረስ

ሄፓታይተስ ቢ ከዚህም ያነሰ ነው፤ የዘር መዝገቡ 3 ሺህ 200 ያህል ፊደላት ብቻ አሉት። ሕዝቡ የዓይን መቢጨትን ተከትሎ "የወፍ በሽታ" ከሚለው ሕመም መንሥኤዎች አንዱ ይኸው ቫይረስ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ምንም ምልክት ሳያሳይ ለአሥርት ዓመታት በጉበት ውስጥ ይኖራል። በአዋቂነታቸው ከሚያዙት ውስጥ ወደ ዘላቂ ሕመም የሚሸጋገርባቸው ከአምስት በመቶ በታች ናቸው። በወሊድ ጊዜ ከእናታቸው ከሚይዛቸው ሕፃናት ግን 90 በመቶ ያህሉ ቫይረሱን ተሸክመው ያድጋሉ።

የሄፓታይተስ ቢ ቁርጥራጮች ከጉበት ሕዋስ ክሮሞዞሞች ጋር የሚጣበቁት ከኢንፌክሽኑ መጀመሪያ አንሥቶ ነው። አብዛኛው መጣበቅ ጉዳት ሳያመጣ ያልፋል። አንዳንዴ ግን ተርት በተባለው ዘረ-መል ደጃፍ ላይ ያርፋል። ተርት የክሮሞዞም ጫፎች እንዳያልቁ የሚጠግነውን ኢንዛይም የሚሠራ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ አዋቂ ሕዋሳት ውስጥ ዝግ ሆኖ ይኖራል። ጫፎቹ በእያንዳንዱ ክፍፍል ስለሚያጥሩም ሕዋሱ የዕድሜ ገደብ ይኖረዋል። ቫይረሱ ይህን ዘረ-መል ሲከፍተው ገደቡ ይነሣል።

በዚህ ላይ ቫይረሱ የሚያስከትለው የማያቋርጥ ብግነት የጉበት ሕዋሳት እንዲሞቱና በምትካቸው ሌሎች ደጋግመው እንዲተኩ ያስገድዳል። ክፍፍል በበዛ ቁጥር የግልበጣ ስሕተትም ይበዛል። እርጥበት ባገኘው በቆሎና ለውዝ ላይ ከሚበቅል ሻጋታ የሚወጣው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሲጨመርበት ደግሞ አደጋው ይባባሳል፤ ይህ መርዝ ራሱን የፒ53ን ዘረ-መል በአንድ ተለይቶ በሚታወቅ ቦታ ያበላሻልና። እህልን በደንብ አድርቆ ማከማቸት ጉበትን ከካንሰር የመጠበቅ ሥራ አካል የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሁሉም ቫይረሶች ግን መንገዳቸው አንድ አይደለም። ሄፓታይተስ ሲ ከክሮሞዞም ጋር ጨርሶ አይጣበቅም፤ ካንሰር የሚያመጣው ለዓመታት በሚቆይ ብግነትና በጉበት መጠንከር በኩል ነው። ኤፕስታይን-ባር ቫይረስም አብዛኛውን ጊዜ ቀለበት ሆኖ ከክሮሞዞሞች ጎን ይኖራል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት የቫይረሱ አንድ ፕሮቲን በ11ኛው ክሮሞዞም ላይ ባለ ደካማ ቦታ ተከማችቶ ክሮሞዞሙን ሊሰብረው እንደሚችል አሳይቷል።

ጊዜው የሚሰጠን ዕድል

ከዚህ ሁሉ ለተራው ሰው የሚተርፈው ቁም ነገር ምንድን ነው? በክሮሞዞም ላይ አንድ ጊዜ የተጻፈውን የቫይረስ ፊደል ከሰውነት ውስጥ ፍቆ የሚያወጣ መድኃኒት እስካሁን በሕክምና አገልግሎት ላይ አልዋለም። ነገር ግን ጽሕፈቱ በአንድ ጀንበር አይፈጸምም። ኤች.ፒ.ቪ የሰውነት መከላከያዋ ያልተዳከመ ሴትን ወደ ማኅፀን በር ካንሰር ለማድረስ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። መከላከያዋ የተዳከመባት ሴት ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ብቻ ሊወስድባት ይችላል። ኤች.አይ.ቪ በደማቸው ያለባቸው ሴቶች ለዚህ ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት ከሌሎቹ ስድስት እጥፍ በመሆኑ ምርመራውን ቀደም ብለው መጀመርና መደጋገም አለባቸው።

የመጀመሪያው መከላከያ ክትባት ነው። ኢትዮጵያ የኤች.ፒ.ቪ ክትባትን በ2011 ዓ.ም 14 ዓመት ለሆናቸው ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች፤ በ2017 ዓ.ም ደግሞ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 14 ዓመት የሆኑትን ያካተተ ዘመቻ አካሂዳለች። ክትባቱ በልጅነት የሚሰጥበት ምክንያት ከላይ ከተብራራው ይመነጫል፤ ክትባቱ ቫይረሱ ወደ ሕዋስ እንዳይገባ ይከለክላል እንጂ ከገባና ከተጣበቀ በኋላ አያስወጣውም።

ስለ ክትባቱ የሚናፈሰው ወሬ ወላጆችን ሲያሳስብ ይስተዋላል። ክትባቱ የተሠራው ከቫይረሱ የውጭ ቅርፊት ፕሮቲን ብቻ ነው። በውስጡ የቫይረሱ የዘር መዝገብ የለም፤ ኢ6 እና ኢ7ም የሉም። ስለዚህ ሊራባም፣ ከክሮሞዞም ጋር ሊጣበቅም፣ በሽታውን ሊያስይዝም አይችልም። ውጤቱም በተግባር ታይቷል። በእንግሊዝ ሀገር ከ12 እስከ 13 ዓመት ሳሉ ክትባቱ በቀረበላቸው ሴቶች ዘንድ የማኅፀን በር ካንሰር በ87 በመቶ መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት አረጋግጧል። ታይዋንም እ.ኤ.አ. በ1984 ለሕፃናት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መስጠት ከጀመረች በኋላ በልጆች ላይ የሚታየው የጉበት ካንሰር በእጅጉ ቀንሷል።

ሁለተኛው መከላከያ የቅድመ ካንሰር ምርመራ ነው። በሀገራችን ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች እንዲደረግ የሚመከረው ምርመራ ቫይረሱ ሕዋሱን መለወጥ ከጀመረበት፣ ካንሰር ግን ካልሆነበት ጊዜ ላይ ለመድረስ ያለመ ነው። በዚህ ደረጃ የተገኘ ለውጥ በጤና ተቋም ውስጥ በአጭር ጊዜ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ሊወገድ ይችላል። ደም መፍሰስና ሕመም እስኪታይ መጠበቅ ግን ብዙ ጊዜ ዕድሉን ማሳለፍ ነው።

በመጨረሻም ስለ ነቀፋ መናገር ያስፈልጋል። ኤች.ፒ.ቪ እጅግ የተለመደ ቫይረስ ከመሆኑ የተነሣ የግብረ ሥጋ ግንኙነት የጀመሩ ሰዎች አብዛኞቹ፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። ዛሬ በምርመራ የተገኘ ለውጥ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በሕጋዊ ትዳር ውስጥ እያለች የገባ ቫይረስ ያመጣው ሊሆን ይችላል። ውጤቱ የማንንም ጠባይ አይመሰክርም። ሐሜትን ፈርታ ከምርመራ የቀረች እናት የምታጣው ያን ቫይረሱ ሥራውን ሳይጨርስ የሚቆይበትን ረጅም ጊዜ ነው። ባል ሚስቱን፣ ልጅ እናቱን "ሄደሽ ተመርመሪ" ብሎ ማበረታታት፣ ወላጅም የልጁን የክትባት ቀን አለማሳለፍ፣ ሳይንስ ካገኘው ዕውቀት በየቤቱ ሊሠራበት የሚችለው ድርሻ ነው።